ለእርዳታ ጉዞ ስታዋጡ ናፍታውንም አስቡት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የሰፈራችን ወጣቶች ቦረና ላሉ አርብቶ አደሮች እርዳታ ለመውሰድ መኪና እያፈላለጉ ነው። ምክር ፈልገው እኔ ቤትም መጡ። ዕድሜዬን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ለእነሱ ያልኩትን ለአንባቢዎቻችሁም ልበል።

ቦረና ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ጠብ ሳይል አለፉ። በ2015 የአዲስ አበባ ሰው አንጀቱ አልችል ብሎ ያለውን አወጣ። የእኛም እድር አዋጣና ጭነቱን በአሮጌ ኤንትሬ ፊያት ቦረና፣ ያቤሎ ከተማ አደረስኩ። ኤንትሬን የማያውቅ ወጣት አባቱን ይጠይቅ። እህሉንም ሲሚንቶውንም ለስንት ዘመን ያመላለሰ ብርቱ መኪና ነው።

እስከ ሐዋሳ መንገዱ አያስቸግርም። ከዲላ በኋላ ግን ይርጋጨፌን አልፎ እስከ ቡሌ ሆራ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይግላል፤ ቆም ብሎ ማብረድ ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት። ፍሬን ብቻ ያመነ ሾፌር፣ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። እባካችሁ በአንድ ቀን ካልገባን አትበሉ፣ ዲላ እደሩ አልኳቸው።

ዋናው ነገር ግን ጭነቱ ነው። ያኔ ከቤት የተረፈ ልብስ በብዛት መጥቶ ነበር። እዚያው ቦረና ዱቡሉቅ ተጠልለው ያገኘናቸው ሰዎች ግን ከልብሱ በፊት የጠየቁን የከብት መኖ ነው። እውነታቸውን ነው። ላሟ ከተረፈች ልጁ ወተት ያገኛል፤ ካለቀች ቤተሰቡ ዝናብ ቢመጣም ባዶ እጁን ነው።

ድርቆሽ ሱሉልታ ሞልቷል። ችግሩ ቦታ ይፈጃል። ከስፖንዳው (ከጭነቱ የጎን መከለያ) በላይ ቆልላችሁም ክብደቱ ያው ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ያቤሎ ድረስ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ስለዚህ በማሽን የታሰረውን ግዙ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን) ጨምሩበት፤ ያው መኪና ለብዙ ከብት ይደርሳል። በቆሎውን ደግሞ ከአዲስ አበባ አትጫኑ። ሻሸመኔ ገበያ ላይ ግዙት፤ እስከዚያ የሚቃጠለው ናፍታ ይተርፋል። ከሁሉ በፊት ግን እዚያ ያሉትን ሰዎች በስልክ ጠይቋቸው።

ስለ ናፍታ ካነሳሁ የሚቆጨኝን ልናገር። ሰው ዱቄት ስጥ ሲሉት ይሰጣል። ለናፍታና ለጎማ ሲሉት ፊቱ ይለወጣል፤ ለተራበ ያዋጣሁትን መኪና ጠጣው ይላል። ወገኖቼ፣ ዱቄቱ በእግሩ አይሄድም! በአሮጌ መኪና ሲሆን ደግሞ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ቢሰበር፣ ጎማ ቢፈነዳ ማሠሪያ ገንዘብ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ መኖር አለበት። አለዚያ እርዳታው መንገድ ዳር ይቀራል። ሲመለስም ባዶውን አይምጣ። ከሻሸመኔ ድንች ቢጭን ኪራዩ የናፍታውን ወጪ ይደግፋል።

ደግሞም ዝናብ ጣለ ብላችሁ ጉዞውን አትሰርዙ። መጋቢት 2015 ላይ ዝናቡ ሲመጣ ከነጎርፉ ነው የመጣው። ድርቁ ያደከማቸው ከብቶች በጎርፉ ሞቱ። ሣሩም ቢሆን በማግስቱ አይደርስም፤ መኖው በጣም የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

መኪና ያላችሁ፣ ወይም የናፍታ የምትችሉ፣ በየእድራችሁ ተነጋገሩበት። ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ፤ ዓይኔ ደክሞ መሪ ባልይዝም ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ መንገዱን አሳያለሁ።

ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር
ከአዲስ አበባ