የጃፓኑን የአሻንጉሊት ቴአትር፣ የቡንራኩን መድረክ ለዘጋችሁ ኃላፊዎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

በቶኪዮው ብሔራዊ ቴአትር ቤት ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን ለተሰጣችሁ የጃፓን ባለሥልጣናት፣

ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልሁት መሥሪያ ቤት በጃፓንኛ ሦስት ደብዳቤ ልኬ ለሁለቱ ምንም መልስ አላገኘሁም። ለሦስተኛው የመጣውም መልስ አስተያየቴ መድረሱን ከሚነግር አንድ መስመር አላለፈም። ስለዚህ አራተኛውን አፌን በፈታሁበት ቋንቋ፣ በአደባባይ እጽፋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ቤት ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል ተብሎ በኦክቶበር 2023 መጨረሻ ተዘጋ። በ2029 ይከፈታል ብላችሁን ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን ግንባታውን የሚረከብ ድርጅት አልነበረም፤ ቀደም ብለው የወጡት ሁለት ጨረታዎች አሸናፊ ሳያገኙ መቅረታቸውን እያወቃችሁ ነው የዘጋችሁት። ቡንራኩ በ1955 በራሳችሁ ሕግ በቅርስነት የተመዘገበ፣ በ2008 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ጥበብ ነው። ጥበቃ ማለት ምን እንደሆነ እኔ ለእናንተ ላስረዳ አይገባኝም ነበር።

ከተዘጋ በኋላ ትርኢቱ በቶኪዮ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲንከራተት ተከትዬ አይቻለሁ። አንድ ቀን ለሌላ ዓይነት ዝግጅት በተሠራ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ተቀምጬ በ1703 ኦሳካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የጸሐፌ ተውኔቱን የቺካማትሱን «የሶኔዛኪ ፍቅረኞች» ተመለከትሁ። በቡንራኩ የሴት አሻንጉሊት እንደ ልማዱ እግር የላትም፤ አሻንጉሊቷን ከሚያንቀሳቅሱት ሦስት ሰዎች ሦስተኛው የቀሚሷን ጫፍ በእጁ እያወዛወዘ የምትራመድ ያስመስላታል። በዚህ ድርሰት ግን ፍቅረኛዪቱ ኦሃጹ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሌሎች ጋር የምታወራ መስላ፣ ከሥሯ የተደበቀውን ፍቅረኛዋን ቶኩቤን አብሯት ለመሞት መቁረጡን በእግሯ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ያን እግር ይዞ በገዛ ጉሮሮው ላይ በማሳለፍ ይመልስላታል። የድርሰቱ ልብ ያለው እዚያች ትንሽ ነጭ እግር ላይ ነው። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ወደ እኔ ዘንበል ብለው «እግሯ ወጣ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለእኔም አልታየኝም ነበር። እንባ የሚያፈስሰው ትዕይንት አልፎን ሄደ፤ በዚያ ቀን የተሰማኝ ቁጣ እስካሁን አልበረደም።

የተዘጋው ትንሹ አዳራሽ ከ600 የማይበልጡ መቀመጫዎች የነበሩት ለዚህ ነው። የአንቀሳቃሾቹ መርገጫ ዝቅ ብሎ የተሠራው አሻንጉሊቱ መሬት የረገጠ እንዲመስል ነው፤ ተራኪውና ሻሚሰን የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ደርዳሪው የሚቀመጡበት ተሽከርካሪ መድረክ በተመልካቹ ቀኝ በኩል የወጣውም የትንፋሻቸው ድምፅ ሳይቀር እንዲሰማ ነው። እነዚህን በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቁሞ ማፍረስ ይቻል ይሆናል፤ ርቀቱን ግን ማንም አናጺ አያሳጥረውም።

አንድን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ያንቀሳቅሱታል። በሙያው ውስጥ እግር ለመያዝ አሥር ዓመት፣ ግራ እጅ ለመያዝ ሌላ አሥር ዓመት ይባላል፤ ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን የሚይዘው ዋናው አንቀሳቃሽ እዚያ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1972 የተጀመረው የሠልጣኞች ትምህርት በ2023 ጥሪ ሲያወጣ መጀመሪያ በተቀመጠው ጊዜ አንድም አመልካች አልቀረበም። ሃያ ዓመት የሚጠይቅ ሙያ ላይ ሕይወቱን የሚሰጥ ወጣት፣ መቼ እንደሚከፈት እርግጠኛ ያልሆነን ቤት ተስፋ አድርጎ እንዲመጣ መጠበቃችሁ በደል ነው። ኦሳካ የራሷ ቡንራኩ ቤት አላት የሚል መልስ አይበቃኝም፤ የቶኪዮ ተመልካች ጥበቡን ያወቀው በተዘጋው ቤት ነውና።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አዲሱ ሕንፃ እስኪቆም ድረስ ለቡንራኩ በልኩ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ መርገጫና የተራኪ መድረክ ያለው አንድ ትንሽ አዳራሽ በቶኪዮ በቋሚነት መድቡለት። የግንባታውንም መጀመሪያ ቀን በጽሑፍ አሳውቁን፤ እነዚያ አዛውንት የኦሃጹን እግር ዳግመኛ ለማየት ስንት ዓመት መጠበቅ እንዳለባቸው ልነግራቸው እፈልጋለሁ።