ለልጄ፦ ስለ ተከላካይ ጠበቃነት

ውድ ልጄ፣

ከተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የመጣልሽን ሥራ መቀበል እንደምትፈልጊ፣ ሆኖም አጎትሽ «እዚያ የገባ እዚያው ይቀራል» ማለቱ እንዳሳሰበሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ግቢበት እላለሁ፤ ምክንያቴንም በፕሮፌሰር ሶንግ ሪቻርድሰን የሥራ ሕይወት ላስረዳሽ።

እናታቸው ኮሪያዊት፣ አባታቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በሃርቫርድና በዬል ተምረው፣ እኛ በምንኖርበት በሲያትል የፌዴራል ተከላካይ ጠበቃ በመሆን፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች ተከራክረዋል። ኋላም ወደ ማስተማር ተሻግረው፣ መሥራቹ ዲን ኤርዊን ቼመሪንስኪ ወደ በርክሌ ከሄዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ፤ በ2021 ደግሞ የኮሎራዶ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት።

እኔን ከሹመቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ አቲባ ጎፍ ጋር በዬል የሕግ መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከአቅሙ በላይ መዝገብ የተከመረበት ተከላካይ ጠበቃ፣ በድንገተኛ ክፍል እንዳለ ሐኪም፣ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ አንዱን እስር ቤት ድረስ ሄዶ ያነጋግረዋል፣ ለሌላው ምስክር ያፈላልግለታል፣ ሦስተኛውን ግን ዐቃቤ ሕግ ባቀረበለት ድርድር ጥፋተኛነቱን አምኖ እንዲጨርስ ይመክረዋል። ይህ ምርጫ በችኮላ፣ በድካምና በቂ መረጃ በሌለበት የሚደረግ ስለሆነ፣ ለጥቁር ደንበኞቹ ከልቡ የሚቆረቆር ጠበቃ እንኳ ሳያውቀው በዘር ቅድመ ግምት ሊመራ እንደሚችል ጸሐፊዎቹ ያስረዳሉ። ስለ ፖሊስና ስለ ዐቃቤ ሕግ አድልዎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ የገዛ ባልደረቦቹን ሥራ እንዲህ በጥንቃቄ የሚመረምር ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ መዝገቡን ራሱ ተሸክሞ ያየ ሰው ነው። መፍትሔ ብለው ካቀረቡት አንዱም ለጉዳዮች ቅድሚያ የሚሰጥበት መለኪያ አስቀድሞ ተለይቶ እንዲቀመጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክላረንስ ኧርል ጊዲየንን አቤቱታ ተቀብሎ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድኻ ሁሉ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል ሲል ወስኗል። ያለ ጠበቃ የተፈረደበት ጊዲየን ጠበቃ ይዞ ዳግም ሲከራከር ነጻ ወጣ። ለአጎትሽም የእኛው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተመሳሳይ መብት መደንገጉን አስታውሺልኝ። ዛሬ የሚያሳስበው ግን የቆመው ጠበቃ ለደንበኛው በቂ ጊዜ ያለው መሆኑ ነው፤ ሪቻርድሰን ከችሎት ወደ ማስተማር ይዘውት የሄዱትም ይህንኑ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የአጎትሽ ስጋት አያስፈራሽ፤ እዚያ የምታዪውን ከየትኛውም የሕግ ድርጅት አታገኚውም።

የትምህርት ዕዳሽን በተመለከተ፣ ለመንግሥት ተቋም ሙሉ ሰዓት እየሠራሽ መስፈርቱን የሚያሟሉ 120 ወርኃዊ ክፍያዎች ከፈጸምሽ ቀሪው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለና፣ ጽሕፈት ቤቱ ለዚያ ብቁ መሆኑን አጣሪ።

ከመፈረምሽ በፊትም አንድ ጠበቃ በአንድ ጊዜ ስንት መዝገብ እንደሚይዝ፣ የራሳቸው መርማሪ እንዳላቸው፣ አዲስ የገባ ጠበቃስ ብቻውን ችሎት ከመቆሙ በፊት ከማን ጋር እንደሚሠራ ጠይቂያቸው። መልሳቸውን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።

አባትሽ