ብራና የለፋ ቆዳ አይደለም

ክቡር የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፦

ስለ እጅ ጥበብ ገበያና ሥልጠና ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት ይዘቱን አልደግመውም። የምጽፈው ስለ አንዲት ሐረግ ነው። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ሥር «ከለፋ ቆዳ የተሠራ የብራና መጽሐፍ» ይላል። ያችው ሐረግ በዘገባው ውስጥ ተመልሳ ትመጣና ሦስት መደምደሚያ ትወልዳለች። ቆዳ በበዓል ማግሥት በየመንገዱ ስለሚጣል ጥሬ ዕቃው በነጻ ይገኛል ተባለ። ስለዚህ ብራና ሠሪዎች የሚጠሩት ዋጋ «የተጋነነ» ነው ተባለ። ሙያውንም ሥራ ያጣ ወጣት በአምስት ቀን ሥልጠና ይይዘዋል ተባለ። ሦስቱም ስሕተት ናቸው።

ብራና አይለፋም። ቆዳ አልፊው ጠጕሩን አንሥቶ ቆዳውን በእምቧይ ወይም በሌላ ማልፊያ ያሸዋል፤ ማልፊያው ውስጥ ድረስ ይገባና ቆዳው ለዘለቄታው ልስልስ ይሆናል። ብራና ፋቂ ግን ምንም ማልፊያ አያስገባም። የአውሮፓ ብራና ሠሪዎች ጠጕር ለማንሣት የሚዘፈዝፉበትን የኖራ ውኃ እንኳ የእኛ አገር ሙያ አይፈልገውም። ብራናን ብራና የሚያደርገው ውጥረት ነው። እርጥቡ ቆዳ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ እንደ ተወጠረም ይደርቃል። ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ክር መሰል ነገር ሁሉ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ነጭና ጠጣር ገጽ ይወጣል። የለፋ ቆዳ ላይ በብርዕ ብትጽፉ ቀለሙ ይሰርጋል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል። ብራና ላይ ግን ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል። ቁም ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ በቦታው ሌላ መጻፍ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን ማንም ሰው በቤቱ ሊያየው ይችላል። የለፋ ቆዳ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል ቢያደርጉበት ይጠጣዋል፣ ቦታው ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ግን ያው ቆዳ ነው። ብራና ላይ ያችው ጠብታ ስትወድቅ ቦታው ይልሞሰሞሳል፣ ይኮማተራል፣ ሲደርቅም ጎርበጥ ብሎ ይቀራል፤ ውጥረቱን ለቅቆ ወደ ጥሬ ቆዳነቱ ሊመለስ ይፈልጋልና። አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየትም ይበቃል። በጠጕሩ ወገን የጠጕር ሥር የነበረባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የሥጋው ወገን ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ደኅና ጠራዥ ቅጠሎቹን ሲደርብ የጠጕሩ ወገን ከጠጕሩ፣ የሥጋውም ከሥጋው ፊት ለፊት እንዲገናኝ የሚያደርገው በተከፈተው መጽሐፍ ላይ ግራና ቀኙ መልኩ እንዳይለያይ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ፎቶግራፉ ራሱ ይናገራል። ዘጋቢያችሁ ያየው ልባሱን ነው። የብራና መጽሐፍ ሁለት የእንጨት ገበታ አለው፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ የሚጠረብ። ገበታው የሚለበሰው በለፋ ቆዳ ነው፤ በጋለ ብረት መስቀልና የሐረግ ጌጥ የሚታተምበት ድጉሱ ያ ነው። የመጽሐፉ መያዣ ማኅደሩም ከለፋ ቆዳ ይሰፋል። ለፎቶግራፍ የተዘጋውን መጽሐፍ ከፍቶ አንድ ቅጠል በጣቱ ቢዳስስ ኖሮ፣ ወይም የያዘውን ሰው «ይህና ያ አንድ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ።

ቅሬታዬ ከቆዳ አልፊ ጋር ለምን ተቆጠርን የሚል አይደለም። በአገራችን አልፊውም፣ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም ያለ ጥፋታቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ «ፋቂ» የሚለው ቃል ራሱ ለስድብ ውሏል። ያለ አልፊው ድጉስም ማኅደርም የለም። የማልቀበለው ነገር ሁለት ሙያ አንድ ተደርጎ ሁለቱም መሰረዛቸው ነው።

ወደ ነጻው ጥሬ ዕቃ ልምጣ። በፋሲካ ማግሥት በየጥጉ ተጥሎ የሚታየው ቆዳ አብዛኛው የበግ ነው። ብራና የሚወደው ፍየልን ነው። የበግ ቆዳ ስብ ይበዛበታል፤ ስቡ በደንብ ካልወጣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ቀለምም አይዝም። በዚያ ላይ የበጉ ቆዳ እንደ ሁለት ሽፋን ይላቀቃል፤ ሲፋቅ ላዩ ከሥሩ ይነሣል። ፍየል ሆኖ እንኳ ገፈፋው ወሳኝ ነው። ደኅና ገፋፊ ከእግሩና ከሆዱ መስመር በኋላ ቢላውን አስቀምጦ በቡጢው ይለየዋል። በየግቢው በችኮላ የሚገፈፈው ግን በቢላ ጭረት የተሞላ ነው። የምስር ፍሬ የምታክል ጭረት ቆዳው ሲወጠር ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትሆናለች። ቆዳው እርጥብ ሳለ ካልተሰፋች ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር ልትቀድደው ትችላለች። በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ጸሐፊው ቃሉን ከፍሎ ዙሪያዋን የጻፈባት የተሰፋች ቀዳዳ የምትታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ነጋዴ በጨው ያቆየው ቆዳም ችግር አለው። ጨው እርጥበት ይስባልና ታጥቦ ታጥቦ ካልጠራ ብራናው በክረምት ይረጥባል፣ ይሻግታል። መንገድ ላይ ሁለት ቀን ያደረው ደግሞ ሽታ ጀምሮታል፤ ጠጕሩ በእጅ እየተነቀለ ቢመጣ እንዳያስደስት፣ ቆዳው ከላዩ መበስበስ መጀመሩን የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ብራና ፋቂው ገበያ ወርዶ፣ እያገላበጠና ወደ ብርሃን እያነሣ እየመረጠ፣ በገንዘቡ ይገዛል።

አሁን ዋጋው «የተጋነነ» መሆን አለመሆኑን ሒሳቡ ይንገረን። 64 ቅጠል ያለው መካከለኛ መጽሐፍ እንውሰድ። አንድ ጥራዝ አራት ጥንድ ቅጠል፣ ማለትም 8 ቅጠል ከሆነ 8 ጥራዝ ይሆናል፤ ይህም 32 ጥንድ ነው። ከአንድ መካከለኛ ፍየል የሆዱና የእግሩ ሳሳ ያለው ጠርዝ ተቆርጦ ሲወድቅ ሁለት ጥንድ ቢወጣ 16 ቆዳ ያስፈልጋል። ሦስት ያህሉ ደግሞ ይበላሻል፣ 19 ይሁን። መዘፍዘፊያውንና መድረቂያውን ሳንቆጥር የመወጠሩ፣ የመፋቁና በሻካራ ድንጋይ የማለስለሱ የእጅ ሥራ በአንድ ቆዳ ሁለት ቀን ይወስዳል ብንል 38 ቀን ሆነ። እስካሁን አንድ ፊደል አልተጻፈም። 128 ገጽ በቀን ሁለት ገጽ ቢጻፍ 64 ቀን ነው። መስመሩን በወስፌ ወግቶ ማስመር፣ መጠረዝ፣ ገበታ መጥረብና መደጎስ ሲጨመር ከመቶ ቀን ያልፋል። ከታተመ መጽሐፍ ጋር ማወዳደሩ የዘገባው ምርጫ ነበር፤ የመቶ ቀን የቀን ሥራ ዋጋ ግን አልተሰላም። አንባቢ ያንን ካነበበ በኋላ መጥቶ በግማሽ ዋጋ ካልሸጣችሁልኝ ቢል ምን እንመልስለታለን? «ጋዜጣው ተሳስቷል» ብንል ማን ያምነናል?

የአምስት ቀኑ ሥልጠና ግን ከሁሉ ይብሳል፤ በየጊዜው ገንዘብ የሚፈስበት ነውና። የደረቀ ቆዳ እስኪለሰልስ ድረስ ሦስት ቀን ያህል ይዘፈዘፋል፤ በብርድ ወራት ይበልጣል። ሠልጣኙ ሰኞ መጥቶ ቢዘፈዝፍ እንጨት ላይ የሚወጥረው ሐሙስ ነው። ዓርብ የሥጋውን ወገን ፍቆ ሳይጨርስ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። አሠልጣኙም ይህን ስለሚያውቅ ከፋብሪካ የለፋ ቆዳ ቆርጦ ያመጣና «ብራና» ብሎ ያድላል፤ ወጣቶቹ መስቀል ይሥሉበታል። እናንተ ያወደሳችሁት ይህን ነው። ሥራቸው ገበያ ወጥቶ ቀለሙ ሲሰርግና ሲላላጥ፣ ገዢው የሚያማው ሥልጠናውን ሳይሆን ብራናን ነው።

ብራና በእውነት ሊያስተምር የሚፈልግ ክፍል ቢኖር እንዲህ ያድርግ። ሥራው ጥቅምት ላይ ይጀመር። በእኛ አገር ክረምት ቆዳ በውጥረት ላይ እያለ አይደርቅም፣ ይሸታል። አሠልጣኙ ተማሪዎች ከመድረሳቸው በፊት ቆዳዎችን በተለያየ ቀን ይዘፍዝፍ፤ በመጀመሪያው ቀን አንዱ ለመወጠር፣ አንዱ ለመፋቅ የደረሰ፣ አንዱም ደርቆ ለመቆረጥ የተዘጋጀ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ቢላ መሳል ይሁን። የመፋቂያው ስለት ትንሽ ጥርስ ካለው በእያንዳንዱ ፍቂያ አንድ መስመር ይቀርጻል፤ ያ መስመር በኋላ ብርዕ ያሰናክላል። ሲወጠር አስቀድሞ አንገቱና ጅራቱ፣ ቀጥሎ ጎኑ ይታሰር፤ ገመዱ ቀስ በቀስ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ገና ይጥበቅ። ሆዱ ስስ ነውና ቀድሞ ከተሳበ ይቀደዳል። ጀማሪ የሚሳሳተው የደረቀ መስሎት በመሐል ከእንጨቱ ሲያወርደው ነው፤ ያኔ ቆዳው ይጠቀለላል፣ ተመልሶም አይቃናም። አንድ ተማሪ አምስት ስድስት ቆዳ ሳያበላሽ እጁ አይለምድም። ይህ ወጪ በበጀቱ ውስጥ ተጽፎ ይግባ፤ ካልገባ አሠልጣኙ ቆዳውን ከተማሪው እጅ ይነጥቃል፣ ተማሪውም እያየ ብቻ ይሄዳል።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ፣ እስኪከስል የተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ፣ የግራር ሙጫ ተጨምሮበት ይፈጫል፤ በውኃ ተበጥብጦ ለወራት እየተማሰለ ይብላላል። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ከበዛ ደግሞ ያብረቀርቅና ቅጠሉ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ደርቆ እንደ ጠጠር ይቀመጥና በሚፈለግበት ቀን በውኃ ይሟሟል፤ መሬት ላይ በተተከለ የበሬ ቀንድ ውስጥ ተደርጎ ብርዑ ከዚያ ይጠቀሳል። በአምስት ቀን ውስጥ የሚደርስ ቀለም ከሱቅ የተገዛ ቀለም ብቻ ነው።

ስለ መሸጫውም አንድ የከፋ ነገር ተጽፏል። አዲሱን ብራና በጭስ አጥኖ «እንዲያረጅ» ማድረግ የገበያ ብልሃት ተብሎ ተጠቅሷል። ብልሃት አይደለም፣ ማታለል ነው። ሻጩንም ገዢውንም ይጎዳል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አሮጌ የሚመስለውን መጽሐፍ የያዘ እንግዳ በአውሮፕላን ጣቢያ ቢያዝ ዳግመኛ ከማን ይገዛል? በጎጃም በሥርዓቱ የተማረ ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን፣ ያስጻፈውን ሰው ስምና ዓመተ ምሕረቱን ያኖራል። አዲስ መሆኑን የሚመሰክርለትም፣ ዋጋውን የሚያስከብርለትም ይኸው ነው። ሥልጠና ካለ ይህ ይሰልጠን።

ጎጃምን ካነሣሁ ዘንድ፦ ዘገባው አገር ሲዞር ጎጃምን የጠራው አንድ ጊዜ፣ እሱም በቅኔ ነው። ቅኔው እውነት ነው፤ የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም ይመስክሩ። ነገር ግን በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በዘጌ አድባራትና በጣና ገዳማት ያለው መጽሐፍ ከሰማይ አልወረደም፤ ፍየሉ ተገፍፎ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ቀለሙ ተብላልቶ የተጻፈ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተዘጋጀው፣ በጣና ደሴት ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ወንጌል በሥዕሉ ዓለም ያወቀው ነው፤ ሥዕሉ ያረፈበት ግን ብራና ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበትን ደሴት ትቶ ስለ ብራና መጻፍ እንዴት ተቻለ? ከኮሮና ወረርሽኝና ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልላችን ካለው ግጭት የተነሣ እንግዳው ቀርቷል፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ብራናን አሁን ደግፎ ያቆመው ስእለት ያለበት ምእመን፣ ገድል የሚያስጽፍ ደብርና ዳዊቱን በብራና የሚፈልግ አገሬ ሰው ነው። ጋዜጣችሁን የሚያነበውም እሱ ነውና «የተጋነነ» የምትለዋ ቃል የምትጎዳው ይህንኑ ቀሪ ገበያ ነው።

የምጠይቀው ሰፊ ይቅርታ አይደለም። እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ ይውጣ፤ «የተጋነነ» የሚለው ይነሣ፤ ከፎቶግራፉ ሥር ያለውም እንዲህ ይስተካከል፦ «የብራና መጽሐፍ። ልባሱ የለፋ ቆዳ፣ ገበታው እንጨት፣ ቅጠሉ ያልለፋ የፍየል ብራና።»

ከአክብሮት ጋር
ከምሥራቅ ጎጃም፣ አንድ ብራና ፋቂና ቁም ጸሐፊ