ማሰሪያ አንቀጹ ሲነገር ማን ይታያል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የፊልም ዓምዳችሁ የአማርኛ ተከታታይ ድራማዎችን ሲተች ለታሪኩና ለትወናው በቂ ቦታ ይሰጣል። ካሜራውና ኤዲቲንጉ ላይ ሲደርስ ግን «ጥሩ ነው» ወይም «ይቀረዋል» ብሎ ያልፋል። «ድራማው ይጎተታል»፣ «ድንጋጤው የውሸት ነው» የሚለው ስሞታም ደራሲውና ተዋናዩ ላይ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የግማሽ ሰከንድ ሆኖ ኤዲተሩ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ «አባዬ፣ የሰፈሩን ቤት ባለፈው ሳምንት ለጋሽ ተሰማ…» ይላል። እስከዚህ ድረስ ገና ምንም አልተነገረም። «ሸጥኩት» ካለ ቤቱ ሄዷል፤ «አከራየሁት» ካለ የወር ገቢ ነው፤ «አሳየሁት» ካለ ገና ወሬ ነው። አማርኛ ነገሩን የሚቋጨው በማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም በመዝጊያው ግስ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በብዛት የሚሠራው እንዲህ ነው። ካሜራው ልጁ ላይ እንዳለ «ሸጥኩት» ይላል፤ አፉን ሲዘጋ ይቆረጥና አባት ይመጣል። ተመልካቹ ወሬውን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ አባት ሲደነግጥ ያያል። ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢችል ድንጋጤው የተሠራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ምስሉ ከማሰሪያ አንቀጹ ከ8 እስከ 12 ፍሬም (ፍሬም ቪዲዮው የሚሠራበት አንዱ ነጠላ ምስል ነው) ቀድሞ ወደ አባት ቢሄድና ድምፁ የልጁ ሆኖ ቢቀጥል፣ «ሸጥኩት» የሚለው ቃል አባት ፊት ላይ ይወድቃል፤ ተመልካቹም ነገሩን ከአባት ጋር እኩል ይሰማል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ይህ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መቅደም ያስፈለገው ዓይን አዲስ ምስል ላይ እስኪያርፍ 5 ወይም 6 ፍሬም ያህል ስለሚወስድበት ነው። ከ20 ፍሬም በላይ ከቀደመ ግን ተመልካቹ «ክፉ ነገር ሊባል ነው» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ይህም ቢሆን ሆነ ተብሎ የሚፈለግበት ጊዜ አለ።

እንግሊዝኛ ግሱን ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚያመጣው ወሬው ቀድሞ ይወጣል፤ የቀረው ቃል ሁሉ አድማጩን ለማሳያ ጊዜ ይሆናል። ሙያውን ከእንግሊዝኛ ቪዲዮዎች የተማረ ኤዲተር ያንን የቆረጣ ምት እንዳለ አማርኛ ላይ ሲጭነው ሁልጊዜ ይዘገያል።

ሌላው ጠንቅ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየውን የድምፁን ሞገድ ሥዕል በዓይን እያዩ መቁረጥ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሞገዱም ቀጥኖ ዝም ያለ ይመስላል። እዚያ ላይ ሲቆረጥ የቃሉ ጅራት ይጠፋል፤ «ሸጥከው?» እና «ሸጥከው» የሚለዩትም በዚያች ጅራት ነው። የአድማጩ ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» የሚላት እስትንፋስ መልስ ናት፤ የድምፅ ማጽጃው ሶፍትዌር ግን ኮሽታ መስላው ይጠርጋታል። አባት ሳይመልስ ቀረ ማለት ነው፤ ትርጉሙ ተገለበጠ።

ይህን ሁሉ ኤዲተሩ ሊያደርግ የሚችለው ቀረጻው ላይ ከተዘጋጀለት ብቻ ነው። በአንድ ካሜራ ሲሠራ የተናጋሪው ወገን ይቀረጽና ተዋናዩ ይሸኛል፤ ከዚያ አባት ባዶ ግድግዳ እያየ «ደንግጥ» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ተናጋሪው ከሌንሱ አጠገብ ቆሞ ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሙሉ ስሜት ይበል፤ አባት ሳይቋረጥ ይቀረጽ፤ ከመጨረሻው ቃል በኋላ ካሜራው 5 ሰከንድ ይቆይ። ከቤቱ ከመውጣት በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ይቀዳ። ይህ ከሌለ፣ በተለይ ጎረቤት ጄኔሬተር ካለ፣ እያንዳንዱ ቆረጣ በጆሮ ይሰማል።

የካሜራው እንቅስቃሴም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካሜራው ወደ አባት መጠጋት የሚጀምረው ከ«ሸጥኩት» በኋላ ከሆነ «ይኸው ደነገጠላችሁ» እያለ ነው። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የሚወረወረው ዙም ከዚህ ወገን ነው፤ የማጀቢያ ሙዚቃው ሲጨመርበት አባት ባይደነግጥም ይደነገጥለታል። ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ጀምሮ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር በ7 ሰከንድ ገደማ የሚጠጋ ካሜራ ግን መንቀሳቀሱ አይታወቅም፤ ቃሉ ሲወርድ ፊቱ ጋ ደርሶ ይጠብቃል። ዙም ይህን አይተካም፤ ፊቱንም ከኋላው ያለውንም ግድግዳ እኩል ያሳድጋል እንጂ። ካሜራው ራሱ ሲጠጋ ፊቱ ከግድግዳው ፈጥኖ ስለሚያድግ ሰውየው ከቤቱ ተነጥሎ ብቻውን የቀረ ይመስላል። እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ሁለት ሁለት ሰከንድ ሳይነቃነቅ ካልተቀረጸ፣ ኤዲተሩ መሃል ላይ ለመቁረጥ ይገደድና ምስሉ ይደናቀፋል።

ፓን ሲደረግ፣ ማለትም ካሜራው ባለበት ቆሞ ወደ ጎን ሲዞር፣ አንድ ነገር ከፍሬሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያህል ካላገኘ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በስልክ የሚቀርጹ ደግሞ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ መሆኑን አይርሱ። ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ከሆነ በአንዳንድ መብራት ሥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ 1/50 ላይ ይደረግ።

የካሜራውን ቁመትም እናንሣ። ትራይፖዱ (የካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) በቆመ ሰው ልክ ተተክሎ ቡና የምታፈላው ሴት ስትቀረጽ፣ ደራሲው ምንም ቢጽፍላት ካሜራው ቁልቁል እያያት ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ካሜራውም እዚያ ይውረድ።

አለመቁረጥም ቋንቋ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. ለእይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ተቀርጾ፣ የገበሬውን ድካም ረጋ ባሉ ረጃጅም ሾቶች (ሳይቆረጡ በሚቀጥሉ ምስሎች) ያሳያል። እርሻው በሦስት ሰከንድ ቁርጥራጭ ቢቀርብ መረጃ ይሆን ነበር፤ በረጅሙ ሲታይ ግን የተመልካቹን ወገብ ያማል።

በቀጣይ ሒሶቻችሁ ከደራሲው፣ ከዳይሬክተሩና ከተዋንያኑ ስም ጎን የካሜራ ባለሙያውና የኤዲተሩ ስም ይጻፍልን። ስማቸው በአብዛኛው የድራማው ክፍል ሲያልቅ ይወጣል፤ የሚያልፈው ፈጥኖ ስለሆነ አቁሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በፊልም ኤዲቲንግ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ