ያለ ርክክብ የቀረ ሰርቨር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የሶፍትዌር ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ያልቻለ መሥሪያ ቤት ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ጭኖ በስጋት ከሚኖር ይልቅ ሰርቨሮቹንና የኔትወርክ መሣሪያዎቹን በክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ) ሶፍትዌር ቢያስተዳድር እንደሚሻል በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ሶፍትዌሩን ከሶርስ ኮድ (ፕሮግራመሮች ከጻፉት ኮድ) ገንብቶ መጫንም ባለሙያ ሊኮራበት የሚገባ ችሎታ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሥራ ተለይቶ የሚቀረው ነገር ነው፤ የሠራው ሰው ምን እንደሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀጥሬ በገባሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨሮቹን፣ የስዊቾቹን (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኙ መሣሪያዎች) እና የቅርንጫፍ መሥመሮቹን ጤንነት የሚከታተለው ዛቢክስ ነበር። ዛቢክስ ላትቪያ ውስጥ በአሌክሲ ቭላዲሼቭ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተለቀቀ የክትትል ሶፍትዌር ነው። የጫነው ባልደረባችን ጎበዝ እንደነበረ ሥራው ይመሰክራል፤ እኔ ስገባ ግን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ስሪቱ በማርጀቱ ወደ አዲሱ ልናሻግረው ተነሥተን የሰርቨሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኡቡንቱን ፓኬጅ አስተዳዳሪ፣ ማለትም ሶፍትዌር የሚጭነውንና የሚያሻሽለውን ፕሮግራም፣ ብንጠይቀው፣ ዛቢክስ የሚባል ነገር በማሽኑ ላይ እንዳልተጫነ መለሰልን። ሶፍትዌሩ ግን ዓይናችን እያየ ይሠራል። ከሶርስ ኮድ ተገንብቶ ዩኤስአር ሎካል በሚባለው ማውጫ ሥር ስለተቀመጠ ፓኬጅ አስተዳዳሪው አያውቀውም፤ ስለማያውቀውም የደኅንነት ማሻሻያ አላመጣለትም፤ ለዓመታት እንደተገነባ ቀርቷል።

ለማያውቀው አንባቢ ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። የታሸገው የሶርስ ኮድ ፋይል ይወርዳል፣ ይፈታል፤ ከዚያ ኮንፊገር የተባለው ስክሪፕት ማሽኑን እየመረመረ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ ሜክ የተባለው መሣሪያ ኮዱን ኮምፓይል ያደርጋል (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለውጣል)፤ ሜክ ኢንስቶል ደግሞ የተገነባውን ወደ ቦታው ያስገባል። የመጨረሻው ብቻ የሩት (የሲስተሙ የበላይ ተጠቃሚ) ሥልጣን ይፈልጋል፤ የቀሩትን በተራ ተጠቃሚ ስም መሥራት ይገባል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ እንኳ ሜክ የፋይሎቹን ሰዓት አመሳክሮ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው ይህ መሣሪያ እንደ እኛ መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ትልቅ ውለታ ውሏል።

ጣጣው ያለው ኮንፊገር ላይ ነው። ዛቢክስን የሚገነባው ሰው የትኛውን ዳታቤዝ እንደሚጠቀም፣ ኤስኤንኤምፒ (የስዊቾችን መረጃ የሚያመጣው የመገናኛ ደንብ)፣ ከርል (በኢንተርኔት መረጃ የሚያስተላልፍ ላይብረሪ)፣ የግንኙነት ምስጠራና ሌሎችም እንዲካተቱ መፈለጉን በዚያች አንዲት የትእዛዝ መሥመር ላይ አንድ በአንድ ይጽፋል። የጠየቀው ላይብረሪ ከሌለ ስክሪፕቱ ስሕተቱን ተናግሮ ይቆማል፤ ሳይጠይቅ የቀረውን ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ትቶት ያልፋል። እኛም የቀድሞው ባልደረባችን የጻፈውን መሥመር ስላላገኘን በግምት ጻፍን፤ ኤስኤንኤምፒን ዘነጋን። ግንባታው ያለ ስሕተት አለቀ፣ ሰርቨሩ ተነሣ፣ የኮምፒውተሮቹ መረጃም መምጣት ጀመረ፤ ስዊቾቹ ግን በሙሉ ጭጭ አሉ። የኔትወርክ ገመድ ስንነቅልና ስንሰካ፣ የፋየርዎል ደንብ ስንፈትሽ ሌሊቱ ተጋመሰ። ምክንያቱ የተጻፈው በሎግ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ዛቢክስ በተነሣ ቁጥር የትኞቹ ችሎታዎች እንዳሉት ይዘረዝራል፣ ከኤስኤንኤምፒ ፊት ለፊትም «ኖ» የሚል ቃል ተቀምጧል። ወደ ቀድሞው ስሪት እንዳንመለስ ደግሞ አዲሱ ሰርቨር ገና እንደተነሣ የዳታቤዙን አወቃቀር በራሱ ቀይሮታል፤ ይህ ከሆነ በኋላ መመለሻው ቀድሞ የተወሰደ ባክአፕ ብቻ ነው። ባክአፑ ስለነበረን ተረፍን።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በማግስቱ ያገኘሁት ነገር ነው። ኮንፊገር ሥራውን ሲጨርስ ኮንፊግ ሎግ የሚባል ፋይል ይተዋል፤ በፋይሉ ራስጌም የተሰጠው ትእዛዝ ቃል በቃል ይገኛል። የቀድሞው ባልደረባችን የግንባታውን ማውጫ በሙሉ ሰርዞ ነበር፤ ምናልባት ዲስኩን ለማጽዳት አስቦ ይሆናል። ያ ትንሽ ፋይል ቢቀመጥ ኖሮ የአንድ ሌሊት ሥራ የአሥር ደቂቃ ይሆን ነበር።

«ታዲያ ዝግጁ ፓኬጅ ጭናችሁ አትገላገሉም?» የሚል ሰው ይኖራል። ሥርጭቱ (እንደ ኡቡንቱ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የሚያቀርበው ስሪት ለሚበቃው ቢሮ ይህ ትክክለኛ ምክር ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ። ሆኖም የሚፈለገው ስሪት ወይም ችሎታ በፓኬጁ ውስጥ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ በሌላ ሰው ማሽን ላይ የተገነባን ፋይል ማመንም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሶላርዊንድስ ኩባንያ ኦሪዮን የተባለው የሲስተም ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የደረሰበት ይህንኑ ያሳያል፤ ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን የግንባታ ሥርዓት ተቆጣጥረው ተንኮል አዘል ኮድ ስላስገቡበት፣ በኩባንያው ትክክለኛ ፊርማ የታተመ ማሻሻያ ወደ 18,000 ለሚጠጉ ደንበኞች ደርሷል።

ከሶርስ የሚገነባ ሰውም በዚህ ብቻ አይድንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር (ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት መንገድ) ተገኝቷል። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ ነገሩን የጠረጠረው በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያ በሆነው ፕሮግራም) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት በማየቱ ነበር። ተንኮሉን በግንባታ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት ለማውረድ በተዘጋጀው የታሸገ ፋይል ውስጥ እንጂ ሁሉ በሚያየው የጊት ማኅደር (የኮዱ ለውጦች በሚመዘገቡበት) ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የወረደውን ፋይል የኤስኤችኤ 256 ድምር (ፋይሉ ቢለወጥ የሚለወጥ የመለያ ቁጥር) እና ፊርማ ማመሳከር ግዴታ ቢሆንም፣ የትኛው ፋይል ከየት እንደመጣ መዝግቦ ማስቀመጥም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ጊዜ «እኛ ጋ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በዚያው ቀን መልስ መስጠት የሚቻለው መዝገብ ሲኖር ነው።

አንድ ወንበር ወደ ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጥለታል፤ ሠራተኛ ሲለቅም ወንበሩን ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በሙሉ የሚጠብቀው ሶፍትዌር ግን ከባለሙያው ጋር አብሮ ይሄዳል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ ከሶርስ ኮድ ለተገነባ ለማንኛውም ሶፍትዌር የስሪት ቁጥሩ፣ የታሸገው ፋይል ራሱና ድምሩ፣ የኮንፊገር ትእዛዙ፣ አስቀድመው የተጫኑት ላይብረሪዎች ዝርዝርና የማሻሻያ ማስታወቂያ የሚከታተለው ሰው ኃላፊነት በአንድ ገጽ ተጽፈው የርክክቡ አካል ይሁኑ። ጽሑፉ በአማርኛ ቢሆን ደግሞ ነገ የሚተካው ጀማሪ ባለሙያ ሳይደናገር ያነበዋል።

በእኛ ቢሮ ይህች ገጽ ተዘጋጅታ አንዱ ቅጂ በሰርቨሩ መደርደሪያ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ሌላው በንብረት ክፍል ከማሽኑ መለያ ቁጥር ጋር ተያይዞ ይገኛል። ባለፈው ወር ስሪቱን ያሻሻለችው ከገባች ስድስት ወር ያልሞላት ባልደረባችን ናት፤ እኔ በዚያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርኩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ