የዋልያ ሜዳልያ ይውጣ፣ መጀመሪያ ግን አዋጁ

ሰላም ዝግጅት ክፍል፣

ለፓርኮቻችን ገንዘብ ማግኛ የመታሰቢያ ሜዳልያ ወይ ሳንቲም አውጥተን ብንሸጥስ የሚል ሀሳብ በተነሳ ቁጥር ሰዉ የሚከራከረው ስለ ዲዛይኑና ስለ ምረቃው ነው፣ ብሩ ማን አካውንት ውስጥ እንደሚገባ የሚጠይቅ የለም። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ እዚህ አገር እንዴት እንዳደረጉት ልንገራችሁ።

የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ኮንግረሱ ቀደም ብሎ በ2014 መጨረሻ ሦስት ዓይነት የመታሰቢያ ሳንቲም እንዲወጣ ሕግ አወጣ። ወርቁ ከ100,000 ፍሬ፣ ከብር ማዕድን የተሠራው አንድ ዶላር ከ500,000፣ ግማሽ ዶላሩ ከ750,000 እንዳይበልጥ፣ ገዢው ደግሞ እንደየዓይነቱ 35፣ 10 ወይም 5 ዶላር ጨምሮ ይከፍልና ጭማሪው ለፓርኮቹ ገንዘብ ለሚያሰባስበው ናሽናል ፓርክ ፋውንዴሽን ይሄዳል። ከብር የተሠራውን አይቼዋለሁ፣ የየሎስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ሽቅብ እየተተኮሰ አንድ ግዙፍ ጎሽ ቆሟል፣ ሲያምር!

እኔን የገረመኝ ግን ሕጉ ነው። መንግስት እንዳይከስር የማምረቻው ወጪ ቀድሞ ይመለሳል፣ ፋውንዴሽኑም ከግል ለጋሾች ያንኑ የሚያህል ገንዘብ ካላሰባሰበ ጭማሪውን አያገኝም፣ በገንዘቡ መሬት መግዛትም ክልክል ነው። ይሄ ሁሉ የተጻፈው አንድ ሳንቲም እንኳ ሳይቀረጽ ነው።

ደሞ ተአምር አንጠብቅ። ያ ሁሉ ተሸጦ ቢያልቅ (አላለቀም) ከጭማሪው የሚገኘው 12 ሚሊዮን ዶላር ምናምን ነው፣ የፓርኮቹ ውዝፍ ጥገና ግን ያኔ ወደ 12 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። ስለዚህ የኛም መንግስት ሜዳልያ ተሸጠ ብሎ የፓርኮቹን በጀት እንዳይቀንስ አዋጁ ውስጥ በግልጽ ይግባ።

እኛም እኮ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለንም፣ በ1970 ዓ.ም. ዋልያ ያለበት የ600 ብር የወርቅ ሳንቲም ወጥቶ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ኢንተርኔት ላይ እየተቀባበሉት ይቸበችቡታል፣ ከዛ ለሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት (ጥበቃ) ጠብ የሚል ነገር የለም። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል እኮ የአካባቢው ሰው ነው ገደል ለገደል እየሮጠ እሳት ሲያጠፋ የነበረው፣ ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ ባለሙያዎቹ ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ።

እኔ የምለው ሳንቲም ይቅርና ሜዳልያ ይሁን፣ መገበያያ ስላልሆነ ጣጣው ያንሳል። ገንዘቡ የራሱ አካውንት ይኑረው፣ ለስካውት ደሞዝ፣ ለጫማና ለእሳት መከላከያ ብቻ ይውጣ፣ ኦዲቱ በየዓመቱ ጋዜጣ ላይ ይታተም። እዚህ ያለው ዳያስፖራ በካርድ መክፈል ከቻለ ይገዛል፣ ለልጁ የልደት ስጦታ የሚሆን ነገር ፈልጎ የሚያጣ ብዙ ነው። በሜዳልያው ጀርባ ላይ ግን እባካችሁ የባለሥልጣን ፎቶ እንዳይገባ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይበቁናል።

አንባቢያችሁ ከሜሪላንድ