ያልሠራሽበትን ወረቀት እንዳትገዢ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 2018

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱን ግን ዘንድሮ አልቻልነውም። እናትሽ ሽሮና በሶ አዘጋጅታልሻለች። ደብዳቤውን እዚያው ውስጥ የከተትኩት በስልክ ሳወራሽ "እሺ አባዬ" ብለሽ ስለምትዘጊው ነው። ወረቀት አይዘጋም።

አክስትሽ ነገረችኝ። አትቆጪያት፤ እኔ ነኝ አፋጥጬ ያስወጣኋት። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጽፍልሽ ሰው አግኝተሻል አሉ። ማኅተሙም ፊርማውም የተሟላ፣ ዋጋው 15 ሺህ ብር። ልጄ፣ ያልሠራሽበትን ወረቀት እንዳትገዢ።

ድካምሽን አላጣሁትም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው በ2015 በሁሉም የትምህርት ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ አብረውሽ የተማሩት ስንቱ ወድቆ አንቺ አልፈሻል። ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ስትጠብቂ ታድሪያለሽ። "ዜሮ ዓመት" የሚል ሲወጣ ለአንድ ቦታ ሰልፉ ግቢውን ይዞራል። "ሥራ ሳይሰጡኝ ልምድ ከየት ላምጣ?" ብለሽኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ግን እኔ 38 ዓመት ከፋይል ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። የሥራ ልምድ ሲመጣልን መጀመሪያ የምናየው ማኅተሙን አይደለም። ደሞዙ ስንት ነው፣ ከመቼ እስከ መቼ ነው፣ የሥራ ግብር ተከፍሎበታል ወይ? የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ጀምሮ ጡረታ አለው። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። በእውነት የሠራ ሰው ዱካ አለው። የተገዛ ወረቀት ዱካ የለውም።

የሰነድ ማጣሪያው ደግሞ ሥራ በገባሽ ሳምንት ላይመጣ ይችላል። እኛ ዘንድ አንድ ሰው በዘጠነኛ ዓመቱ ነው የተገኘበት። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፣ የሦስት ልጆች አባት። የስንብት ደብዳቤውን ያደረስኩለት እኔ ነኝ። ምንም አልጠየቀኝም። እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ አወጣው። የራሱ ነበር። እናትሽ ያን ማታ እራት ለምን እንዳልበላሁ እስካሁን አታውቅም።

ስለዚህ እንዳትገዢ። ገንዘቡን ከፍለሽም ከሆነ ይቅርብሽ፤ 15 ሺህ ብር ቢሄድ በግ እሸጣለሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2010 የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹን ይዘሽ መጥተሽ "ሒሳብ እንድማር የተፈጥሮ ሳይንስን ላስቀድም" ስትይኝ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። "ሒሳብ ተምረሽ አስተማሪ ልትሆኚ?" አልኩ። ያኔ ከተማው ዞር ባልሽበት ሁሉ ፎቅ ነበር። ሲቪል የተማረ ሰው የሚራብ አልመሰለኝም። ኢንጂነሪንግን አስቀደምሽ። አንቺ አልቅሰሽ፣ እኔ ደስ ብሎኝ።

በ1976 ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቡልጋ ስለወረድኩበት ጊዜ መቶ ጊዜ ሰምተሻል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠርኳት ባልቴት በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ለአውራ ጣቷ ቀለም ሲያቀርቡላት "ይሄን ከፊቴ አንሱልኝ" ብላ ስሟን ጻፈች። እስከዚህ ታውቂዋለሽ። እናንተን ሳስቅ የማቆመው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገርኳችሁም። በ1979 ለመምህራን ማሠልጠኛ ስሜ ወጣ። አያትሽ "አስተማሪ ገጠር ተመድቦ ቁንጫ ሲበላው ይኖራል" አለኝ። በዚያው ሳምንት የመዝገብ ቤት ቦታ ተገኘ፤ ጠረጴዛ ያለው፣ ከተማ ውስጥ። ገባሁ። እንጀራ በልቼበታለሁ፣ እናንተንም አሳድጌበታለሁ፣ አላማርርም። ግን ባልቴቷ ብዕሩን እንደጨበጠችበት ቀን ያለ ቀን በ38 ዓመት አንድም አልመጣልኝም። ከአያትሽ የሰማሁትን ደግሞ ዞሬ ለአንቺ ደገምኩልሽ። ቁንጫውን ብቻ ነው ያስቀረሁት።

ባለፈው ፋሲካ ስለምታስጠኛቸው ልጆች ስታወሪ ወጡ እስኪቀዘቅዝ አልበላሽም። እኔ ደግሞ "እሱም ሥራ ሆኖ?" ብዬ አፍሽን አስያዝኩሽ። ይቅር በይኝ።

አሁን የምልሽን ያዢ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስተምሪበት የግል ትምህርት ቤት በቃል ብቻ አያሠራሽ። ውል ይጻፉልሽ። ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ግብሩንም ጡረታውንም ቆርጠው ያስገቡልሽ። የአንቺ የሥራ ልምድ ከዚያ ቀን ይጀምራል፤ ማንም ቢያጣራው አታፍሪበትም። የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ሲቪል የተማረ ሰው ይቀበሉ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደሽ ጠይቂ፤ በስልክ አትጠይቂ፣ በስልክ "አይቻልም" ማለት ይቀላቸዋል። ሲቪሉንም አትጣይው፤ የቅየሳ ሥራ ካገኘሽ ሂጂ። ገጠር ነው ብለሽ እንዳትቀሪ። የእኔ ይበቃል።

ቴምፖራሪውን፣ ጊዜያዊ ዲግሪሽን፣ ኮፒ አድርገሽ አንዱን ላኪልኝ። የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ወረቀትሽንም አትጣይ፤ ዋናውን ዲግሪ ስትጠይቂ ይፈለጋል። ጋቢውን ልበሺ፤ ሰው ምን ይለኛል አትበይ፣ ቤት ውስጥ ማን ያይሻል?

ዕቃው እሑድ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ይደርሳል። ረዳቱ ስልክሽን ይዟል፤ አሥር ብር እንኳ እንዳትሰጪው፣ ከፍያለሁ። ወረቀቱን እንዳትገዢ።

ያ ክፍልፋይ አልገባው ያለው ልጅ፣ ብርቱካን ቆርሰሽ ያሳየሽው፣ ፈተናው እንዴት ሆነለት? ጻፊልኝ።

አባትሽ